ስለ ቡሽና ስለ መንጠቆ

‹‹ዓሣን መብላት በብልሃት›› የሚለውን ምሳሌ ሳይሰማ ያደገ ሰው በአገራችን አይገኝም ለማለት ይቻላል። ምሳሌው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በገበታ ዙሪያ ሲሆን፣ እሾኹን ከሥጋው እየለዩ ጉሮሮን መጠበቅ እንደሚገባ ያስተምራል። ዳሩ ግን ብልሃቱ የሚጀመረው ከገበታው አስቀድሞ፣ ዓሣው ገና በውሃው ውስጥ፣ ሰውም ገና በወንዙ ዳር ሳለ ነው። ዓሣውን በምን እንያዘው? ስንቱን እንያዝ? የትኛውን ወስደን የትኛውን እንተው? እነዚህ ጥያቄዎች ለጊዜ ማሳለፊያ የሚበዙ ይመስላሉ። እኔ ግን በጅማ ከተማ፣ በቦሳ አዲስ ተቀምጬ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከውሃ ዳር እየዋልሁ ስመለከት፣ የወንዙ ኑሮ በእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ተረድቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ትንሹ የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያ፣ ማለት ስለ ቡሽና ስለ መንጠቆ፣ ያየሁትንና የማውቀውን ለአንባቢዎቼ አቀርባለሁ።

ጅማ በተነሣች ቍጥር ቡና አብሮ ይነሣል፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን የጅማ ምድር ቡናን ለማብቀል የቻለችው ውሃ ስላላት ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማይቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ የቦዬ ረግረግ ይገኛል፤ ከዚያም ውሃው ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። ግልገል ጊቤ ከታላቁ ጊቤ ጋር ይገናኛል፤ ጊቤም ወደ ታች ሲወርድ ስሙን ለውጦ ኦሞ ይባላል፤ ኦሞ ደግሞ ረጅሙን መንገድ ተጕዞ በቱርካና ሐይቅ ያርፋል። እንግዲህ በጅማ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ውሃ ከእኛ በኋላ አያሌ ሕዝብ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

በዚህ ተፋሰስ ከሚኖሩት ዓሦች ውስጥ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው ዋነኞቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቆሮሶ ነው። ገላው ጠፍጠፍ ያለና ሰፊ፣ የጀርባው ክንፍ እሾኻማ ነው፤ ምግቡም ይበልጡን በውሃው ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ደቃቅ ነገር ነው። እናቲቱ ዕንቍላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ሁለተኛው ነጭ ዓሣ፣ በሌላ ስሙ ቢልጫ የሚባለው ነው። ቅርፊቱ ትልልቅ፣ በአፉ ዳርና ዳር አጫጭር ጢም ያለው ሆኖ፣ ወራጅ ውሃ ይወዳል፤ ክረምት ሲገባም ዕንቍላሉን ለመጣል ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ሦስተኛው አምባዛ ነው። ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጢሙ ረጃጅም ነው፤ ቅርፊት የሌለው በመሆኑም አያሌ ሰዎች አይበሉትም። አምባዛ በውሃው ውስጥ አየር ባጠረው ጊዜ ብቅ ብሎ ከላይ ያለውን አየር ለመተንፈስ ይችላል። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነገር እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

መሣሪያው እጅግ ቀላል ነው። ርዝመቱ የሰው ቁመት እጥፍ የሚያህል አንድ ቀጥ ያለ ሸምበቆ፤ ከጫፉ የታሰረ፣ ከሸምበቆው ርዝመት የማይበልጥ የናይለን ክር፤ በክሩ ጫፍ አንዲት ትንሽ መንጠቆ፤ ከመንጠቆዋ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በክሩ ላይ የተጨመቀች የእርሳስ ፍሬ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቡሽ። የጠርሙስ ቡሽ እንደ ልብ ስለማይገኝ ልጆች ከአሮጌ የጎማ ነጠላ ጫማ ቈርጠው ይሠሩታል፤ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የላባ አገዳም ያገለግላል። እርሳስ ከውሃ ዐሥራ አንድ እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ቡሽ ግን ክብደቱ የውሃ አንድ አራተኛ ያህል ነው። የአጥማጁ የመጀመሪያ ጥበብ እነዚህን ሁለቱን ማመዛዘን ነው። እርሳሱ ከበዛ ቡሹ ይሰጥማል፤ ካነሰ ደግሞ ቡሹ እንደ ጀልባ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ዓሣውም ምግቡን ቀምሶ ሊሄድ ሲል ቡሹ ስለሚጐትተው ደንግጦ ይተፋዋል። የተስተካከለው ሚዛን የቡሹ ጫፍ የአንድ ጥፍር ያህል ብቻ ከውሃው በላይ ሲታይ ነው። ስለ ተንሳፋፊ አካላት በጥቍር ሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ባስረዳ ያልገባው ተማሪ፣ ይህን በወንዝ ዳር በዐሥር ደቂቃ ሲረዳው አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጥበብ የውሃውን ጥልቀት ማወቅ ነው። በመንጠቆዋ ላይ ትንሽ ድንጋይ አስሮ ወደ ውሃው መጣል ነው። ቡሹ ከውሃው በታች ከጠፋ በቡሹና በመንጠቆዋ መካከል ያለው ክር አጥሯል፤ ቡሹ በውሃው ላይ ከተጋደመ ክሩ ረዝሟል ማለት ነው። ቢልጫና አምባዛ ከወለሉ አጠገብ ስለሚመገቡ ለእነርሱ ምግቡን ዝቅ ማድረግ፣ ለቆሮሶ ግን ከፍ ማድረግ ይገባል።

ምግቡም ቢሆን ከቤት የሚገኝ ነው። የበቆሎ ዱቄት በጥቂት ውሃ ታሽቶ፣ ከጣት ጋር እስከማይጣበቅ ድረስ ጠንክሮ፣ የአተር ፍሬ ያህል ተድበልብሎ በመንጠቆዋ ጫፍ ይደረጋል። ለቆሮሶ የዳቦ ልብም ይበቃል። ለቢልጫ ከእርጥብ የቡና ገለፈት ክምር ሥር የሚወጣውን ቀይ ትል የሚስተካከለው የለም፤ ዝናም ባባራ ጊዜ ፌንጣም ይሆናል። አምባዛ ሽታ ያለው ነገር ስለሚወድ ከሥጋ ቤት የተረፈ ቍራጭ ይበቃዋል። አስቀድሞ አንድ ጭብጥ ፉርሽካ በትኖ ዓሦቹን ወደ ስፍራው መጥራትም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ጭብጥ ሲያልፍ ዓሣው ጠግቦ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ጥላውን በውሃው ላይ የሚጥል፣ በዳሩም ላይ እግሩን የሚረግጥ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዓሣ በጐኑ በኩል ባለው መስመር የውሃውን መናወጥ ያውቃልና። ቦዬ ደግሞ በጉማሬ የታወቀ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ መነሣት ሌላው ብልሃት ነው።

የቡሹን አነጋገር ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋል። ቶሎ ቶሎ እየተንቀጠቀጠ ከስፍራው የማይነቃነቅ እንደ ሆነ፣ ሊጡን የሚለቃቅሙት ደቃቅ ዓሦች ናቸው። ዘንበል ብሎ ወደ ጐን መንሸራተት ከጀመረ፣ ቢልጫ ምግቡን ይዞ እየሄደ ነው። ተነሥቶ በውሃው ላይ የተጋደመ እንደ ሆነ፣ ዓሣው ምግቡን ከወለሉ አንሥቶታል። በዝግታና በክብደት ወደ ታች የወረደ እንደ ሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አምባዛ ነው።

ይህን ሁሉ ያሳዩኝ በሰፈራችን ‹‹አባባ›› እየተባሉ የሚጠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በጕልምስናቸው ዘመን የቡና ጆንያ በመኪና ላይ ሲጭኑ ኖረዋል፤ አሁን ዐርፈዋል። ‹‹ቢስሚላህ›› ሳይሉ ክሩን ወደ ውሃ አይጥሉም። አንድ ቅዳሜ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆን የጐረቤት ልጅ አብሮን መጣ። ልጁ ቡሹ በተንቀጠቀጠ ቍጥር ሸምበቆውን ሽቅብ ይመነጭቅ ነበር።

‹‹ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኰለህ?›› አሉት።

‹‹አባባ፣ እየበላብኝ እኮ ነው!››

‹‹ይብላ እንጂ። ቤትህ የመጣ እንግዳ ገና አንድ ጊዜ ቢጐርስ ገበታውን ታነሣበታለህን?››

ልጁ ሣቀና እጁን ሰበሰበ። ጥቂት ቈይቶ ቡሹ ዘንበል ብሎ ሄደ፤ ልጁም በቀስታ ሳብ ቢያደርገው አንዲት የጣት ርዝመት ያላት ቆሮሶ ወጣች። ሽማግሌው እጃቸውን በውሃ ካራሱ በኋላ ያዟት፤ ደረቅ እጅ ከዓሣ ገላ ላይ ያለውን የሚያሙለጨልጭ መሸፈኛ ይገፈዋልና። መንጠቆዋን አውልቀው ሊለቋት ሲሉ ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

‹‹ጋሼ፣ እናቴ እኮ አራት ዓሣ አምጣ ብላኛለች!››

‹‹አራት ታመጣላታለህ፤›› አሉ አባባ እኔን ሳይጠብቁ። ‹‹ይህቺን ዛሬ ከወሰድህ ግን ለሚመጣው ዓመት አራቱን ከየት ታመጣለህ?››

ልጁ መልስ አልሰጠም። ከመምሸቱ በፊት ግን ደኅና ደኅና የሆኑ ሦስት ቆሮሶና አንድ ቢልጫ ይዞ ሄደ። እናቱ ባሏ የሞተባት፣ በሐሙስ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፤ በዚያች ማታ በዚያ ቤት የዓሣ ጥብስ ሽታ አጥሩን አልፎ ይመጣ ነበር።

በወንዝ ዳር በቡሽና በመንጠቆ መቀመጥ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በአውሮጳ ጠረፎች ሙሌት የሚባል የባሕር ዓሣ አለ፤ ከጭቃና ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ሽፋን እየላሰ የሚኖር፣ ከንፈሩ ለስላሳ የሆነ፣ እጅግ ጠርጣራ ዓሣ ነው። እርሱንም ብዙዎች የሚይዙት በቀጭን ክር፣ በትንሽ ቡሽና በአንዲት የዳቦ ፍርፋሪ ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 ስለ መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ያሳተመው መጽሐፍ የአሳቢ ሰው መዝናኛ የሚል ቃል በርእሱ ላይ አለበት፤ እስከ ዛሬም እየታተመ ይነበባል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 17 ጴጥሮስ ለግብር የሚሆነውን ገንዘብ እንዲያገኝ በተላከ ጊዜ፣ ምንም እንኳ ባለ መረብ ሰው ቢሆን፣ እንዲጥል የታዘዘው መንጠቆ ነበር። አንድ ዓሣ ይበቃ ነበርና።

የመንጠቆ ቁም ነገር ይህ ነው፤ አንድ በአንድ ይወስዳል። የተያዘው ዓሣ በሕይወት ሳለ ከእጅ ላይ ስለሚደርስ ለማየት፣ ለመለየትና ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛም ጥቅም አለው፤ እርሱም ከሥጋው ይልቅ የሚበልጥ ይመስለኛል። ቡሹን ሁለትና ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚመለከት ሰው የውሃውን ቀለም፣ ሽታውን፣ ከፍታውንና በውስጡ ያለውን ሕይወት ሳይወድ በግድ ያያል። ወንዙ ሲታመም አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝን ልንገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር፣ ስሟን በማልጠቅሳት በአንዲት የቡና ከተማ አጠገብ፣ ወትሮ ቢልጫ በማይጠፋበት ወንዝ ዳር ተቀመጥን። ቡሹ አንድ ሰዓት ቆመ፤ ሁለት ሰዓት ቆመ። ውሃው የቡና አተላ መስሎ ጠቍሯል፤ ሽታውም የኮመጠጠ ነበር። በመጨረሻ ቡሹ በዝግታ ሰጠመ፤ የወጣውም አምባዛ ነበር። ቀጥሎም ሌላ አምባዛ ተያዘ። ሽማግሌው ሸምበቆአቸውን ጠቀለሉና ‹‹መምህር፣ ይህ ወንዝ ትንፋሽ አጥሮታል፤›› አሉኝ። ጥቂት ወደ ላይ በሄድን ጊዜ የሞቱ ቢልጫዎች ከቍጥቋጦው ሥር ተከማችተው አየን፤ ከዚያም በላይ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዩ የቡና ፍሬ ሲፈለፈል ገለፈቱና በፍሬው ላይ ያለው ጣፋጭ ዝልግልግ ከማጠቢያው ውሃ ጋር ይወጣል። ይህ መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን ስኳርነት ስላለው በውሃ ውስጥ የሚኖሩት በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይረባበታል። እነርሱም ሲበሉት በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ዝናሙ ካቆመና ወንዙ መጕደል ከጀመረ በኋላ ስለ ሆነ፣ ጕዳቱ ይበረታል። ወራጅና ንጹሕ ውሃ የለመደው ቢልጫ አስቀድሞ ይሞታል፤ አምባዛ ግን ከላይ አየር ስለሚተነፍስ ይቈያል። እንግዲህ ቡሹ አምባዛን ብቻ ባመጣልን ጊዜ የነገረን ይህንኑ ነበር። መድኀኒቱም የታወቀ ነው፤ የማጠቢያውን ውሃ በጕድጓድ አቍሮ ማቈየት፣ ሣር በተተከለበት መሬት ላይ አሳልፎ ማጥራት፣ ገለፈቱን ለማዳበሪያ ማዋል፣ ውሃ በሚቈጥብ መፈልፈያም መሥራት ነው። ይህን የሚያደርጉ ጣቢያዎች አሉ፤ ሁሉም እንዲያደርጉት ማየት የሚገባው ባለሥልጣን ደግሞ ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት አንዱ ይሆናል።

ሁለተኛው ጠላት ብርብራ ነው። ብርብራ ራሱ ደግ ዛፍ ነው። በጅማ አውራጃዎች የቡናን ተክል ከፀሓይ ከሚያስጠልሉት ዛፎች አንዱ ሲሆን፣ ከባቄላ ወገን ስለ ሆነም መሬቱን ያለመልማል። ፍሬው ግን ደርቆ፣ ተወቅጦ በኵሬ ውሃ ውስጥ የተበተነ እንደ ሆነ፣ ሮቴኖን የተባለው መርዝ ዓሣው የተነፈሰውን ኦክሲጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ይከለክለዋል። ዓሦቹ ሰክረው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በእጅም ይለቀማሉ። ይህ የቈየ ልማድ ነው፤ ቀድሞ ሰው ጥቂት፣ ዓሣ ብዙ በነበረበት ጊዜ ወንዙ ቶሎ ያገግም ነበር ይሆናል። ነገር ግን መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቶችን በአፏ የያዘችውን ቆሮሶ ከነጫጩቶቿ ይገድላል፤ ዓሣ የሚመገባቸውን የውሃ ነፍሳትም ይፈጃል። የሚለቅመው ሰው የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃው ወስዶት ይበሰብሳል።

ስለ መረብ ደግሞ በሚዛን መናገር ይገባል። መረብ ጥሎ ልጆቹን የሚያሳድግ ዓሣ አጥማጅ ሊወቀስ አይገባውም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ግድብ፣ ምንም እንኳ ወንዙን ሽቅብ ለሚወጣው ዓሣ መንገዱን ቢዘጋ፣ በበኩሉ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሮ አያሌ ወጣቶችን የዓሣ ሥራ አስይዟል። ዳሩ ግን መረብ ጊዜና ስፍራ ካልተወሰነለት የሚያደርሰው ጕዳት በጣና ሐይቅ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ነጭ ዓሣዎቹ በክረምት ዕንቍላላቸውን ለመጣል በወንዞቹ አፍ በሚሰበሰቡበት ወቅት መረቡ በዚያው ይዘረጋ ስለ ነበረ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የቈጠሩትን ባስተያዩ ጊዜ የነጭ ዓሣዎቹ ብዛት በእጅጉ ቀንሶ አገኙት። ከእነዚያ ዓሦች አያሌዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ናቸው። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315ን ማውጣቷ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየወንዙ ዳር ለእያንዳንዱ ኵሬ ዘበኛ ማቆም አይቻልም። ዘበኛ ሊሆን የሚችለው ወንዙን የሚያውቅና ከወንዙም ጥቅም ያለው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በወንዝ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ በወር አንድ ቅዳሜ አምስት ተማሪዎችን ከአንድ መምህር ጋር ወደ ውሃ ዳር ይላክ። አምስት ሸምበቆ፣ አምስት ቡሽና አንድ ደብተር ይያዙ። በደብተሩም ላይ ቀኑን፣ ስፍራውን፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ፣ ቡሹ ሳይነቃነቅ የቆየበትን ሰዓት፣ የተያዘውን ዓሣ ዐይነትና ርዝመት፣ ተመልሶ የተለቀቀውንም ቍጥር ይጻፉ። አንድ ዓመት ያህል የተጻፈው ምንም ላይመስል ይችላል። ዐሥር ዓመት የተጻፈ ግን ስለ ወንዙ ለሚወስን ባለሥልጣን የማይናቅ ማስረጃ ይሆናል፤ ከደብተሩ ጋር ያደጉትም ልጆች ማንም ሳያዛቸው የወንዙ ጠባቂዎች ይሆናሉ። የሚወስዱትን ዓሣ በልክ የወሰዱ፣ ትንሹንም በእርጥብ እጅ የመለሱ ልጆች፣ ነገ የቡና ማጠቢያ ባለቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ሹም ሲሆኑ ይህን የሚረሱት አይመስለኝም።

ወጪው ከአንድ ኳስ ዋጋ አይበልጥም። ሥራውንም በመስከረም መጨረሻ፣ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ መጥራት ሲጀምርና የቡና ማጠቢያዎች ገና ሳይከፈቱ መጀመር ይመረጣል፤ የጤነኛው ውሃ ምልክት አስቀድሞ ካልተመዘገበ የታመመውን ለይቶ ማወቅ አይቻልምና።